እድራችን ቤት ለሚያጣም ይድረስ

ለመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ የእድር ዳኞችና አባላት፣ ለቤት አከራዮች፣ ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለምትኖሩ የመርሐቤቴ ልጆች፤

በከተማችን ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። ጡሩንባ ይነፋል። ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ሴቶቹ እንጀራውንና ወጡን፣ ወንዶቹ መቃብሩን ይከፋፈላሉ። የእድሩ ገንዘብ ሳይውል ሳያድር ለሐዘንተኛው ይደርሳል፤ ሟቹ ሀብታም ነበር ወይስ ድሃ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደ ይመዘገባል። ይህን ሥርዓት ማንም ከላይ አላወረደልንም፤ ራሳችን አዋጥተን፣ ራሳችን ደንቡን ጽፈን ያቆምነው ነው።

ሰው ቤት ሲያጣ ግን ጡሩንባ አይነፋም። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ትታመማለች። አንድ ወር ሳትሠራ ትቆያለች፤ ኪራዩ ያድራል። በሁለተኛው ወር ከዘመድ ተበድራ ግማሹን ትከፍላለች። በሦስተኛው ወር አከራይዋ ትመጣለች። አከራይዋም ብዙ ጊዜ ባለጸጋ አይደለችም፤ ባሏ የሞተባት፣ በጓሮ ካሠራቻቸው ሁለት ክፍሎች በቀር ሌላ ገቢ የሌላት እናት ናት። «ልጄ፣ እኔም የምበላው ከዚሁ ነው፤ ቤቱን ልቀቂልኝ» ትላታለች። ሴትዮዋ ዕቃዋን በየዘመዱ ትበትናለች። ታላቂቱ ልጅ ለቤት ሠራተኛነት በደላላ ትላካለች። ወንዱ ልጅ የጃማን ወንዝ ተሻግሮ፣ በለሚና በሙከጡሪ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ ሊስትሮ ይሆናል፤ ሌሊቱን የሚያድርበትን ማንም አያውቅም። በእድሩ መዝገብ ላይ ስለዚህ ሁሉ አንድ መስመር አይጻፍም።

እኔ የምለው፣ ያች ሴት ገና ቤቷ ውስጥ ሳለች፣ በሁለተኛው ወር፣ እድሩ ይድረስላት ነው። ይህን ማድረግ የሚችል ከተማ ቢኖር ደግሞ እንደ ዓለም ከተማ ያለ፣ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው።

ቀድሞ መድረስ እንደሚሠራ በጥናት ተረጋግጧል። በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ኪራይ ሊያቅተው የተቃረበ ሰው ስልክ ደውሎ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ እርዳታ መጠየቅ ይችላል። የእርዳታው ገንዘብ አንዳንድ ቀን ይኖራል፣ አንዳንድ ቀን ያልቃል። ስለዚህ በችግራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ገንዘቡ ባለበት ቀን ሌላው በሌለበት ቀን ስለደወሉ ብቻ ዕጣቸው ይለያያል። ዊልያም ኢቫንስ፣ ጄምስ ሱሊቫንና ሜላኒ ዎልስኮግ የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ሁለት ወገኖች ተከታትለው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2016 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አወጡት። ገንዘቡ ባለበት ቀን የደወሉት፣ በስድስት ወር ውስጥ ቤት አጥተው ወደ መጠለያ የመግባታቸው ዕድል ከሌሎቹ በ76 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለእነዚህ ሰዎች ቤት አልተሠራላቸውም። ክፉውን ወር የሚያሻግር ገንዘብ ነው የተሰጣቸው።

ትልልቅ ከተሞችን በዚህ መንገድ የሚያስቸግራቸው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ኪራይ ያደረበት ሁሉ ጎዳና አይወጣም፤ አብዛኛው በራሱ መላ ይወጣዋል። በእርግጥ ሊወድቅ ያለውን ለይቶ ማወቅ ነው ችግሩ። ለዚህ ሲሉ ሰፊ ቢሮ ያደራጃሉ፣ ቅጽ ያስሞላሉ፣ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ያም ሆኖ ይሳሳታሉ። ዓለም ከተማ ላይ ግን ማን እንደታመመ፣ የማን ባል ጥሎ እንደሄደ፣ ማን ከሥራ እንደወጣ፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ ጎረቤት ያውቃል። ቡና ሲጠጣ ይወራል። ይህ እውቀት እስከ ዛሬ ከወሬ አላለፈም፤ ሥራ ላይ ይዋል ነው የምለው።

እድርን ከቀብር ወዲያ ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ አዲስ አበባን ባራቆታት ጊዜ፣ በየሳምንቱ ድንኳን መትከል የሰለቻቸው ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያሉ ሕሙማንን መርዳት፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ማስተማር ጀምረው ነበር። «እድር ለቀብር ብቻ ነው» የሚለው ክርክር ያኔም ተነሥቶ ነበር፤ ሰው በሕይወት ሳለ ቀድሞ መድረስ ግን ከሞተ በኋላ ከመድረስ ይሻላል። የቤት ጉዳይም እንዲሁ ነው።

ሒሳቡን እንየው። 300 አባላት ያሉት አንድ እድር ከወርሃዊው መዋጮ ላይ በየአባሉ 10 ብር ቢጨምር በወር 3,000፣ በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ቤት አይሠራም። ከአንድ ክፍል ቤት ኪራይ አንጻር ስናየው ግን በዓመት ብዙ ቤተሰብን ከክፉ ወር ያሻግራል። ገንዘቡ ለተከራዩ እጅ ሳይሰጥ በቀጥታ ለአከራዩ ይከፈል። መክፈል የሚችል ሲደላው ያለ ወለድ ይመልስ፤ የማይችል አይጨነቅ። ውሳኔውን ሦስት ሰዎች፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ሆና፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይስጡ፤ ከዚያ ከዘገየ ጥቅም የለውም። የተረጂው ስምም በስብሰባ አይነበብ። የሰው ገመና መሸፈን ከገንዘቡ እኩል ነው፤ ተዋርዶ ከመረዳት ጎዳና መውጣትን የሚመርጥ ኩሩ ሰው በአገራችን ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቤት ለማጣት በጣም የቀረበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የእድር አባል አይደለም። እድር በአብዛኛው የቤት ባለቤቶች ነው፤ ግቢ ያለው፣ ሰፈሩን የለመደ፣ የመግቢያውን ገንዘብ የከፈለ ሰው ነው የሚመዘገበው። ተከራይ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ እሱም የዓመታት መዋጮ ተደምሮ በአንዴ ክፈል ሲባል ይሸሻል። ቀን ሠራተኛው፣ ከቆላ ቀበሌ የመጣችው ምግብ ቤት ሠራተኛ፣ ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅሎ ዘመድ የተጠጋው ቤተሰብ ከደጅ ይቀራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ ገንዘብ መጨመር አይደለም፤ በር መክፈት ነው። ተከራይ የመግቢያውን በየወሩ ከፋፍሎ እንዲከፍል፣ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮም የቤት ችግር ቢገጥመው እንዲታይለት በደንቡ ይጻፍ። ይህን ያላደረገ እድር ያዋጣውን ገንዘብ ቤት ላለው ሰው ብቻ ያስቀምጣል።

መንግሥትስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይህን ጥሪ የመንግሥትን ግዴታ ለማቅለል ያነሣሁት እንዳይመስላችሁ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ሁሉ የጤና፣ የትምህርት፣ የንጹሕ ውኃ፣ የመኖሪያ ቤትና የምግብ አገልግሎት እንዲያገኙ የሚያደርግ ፖሊሲ እንዲኖር ያዛል። ነገር ግን የቤት ፖሊሲያችን የተጓዘበትን መንገድ ያየ ሰው፣ እንደኛ ያለ ትንሽ ከተማ ለምን ራሱን ማየት እንዳለበት ይገባዋል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። ኪራይ ተቀነሰ። በዚያ ዘመን አንዲት ክፍል ውስጥ ታጭቆ ለባለ ርስት ይገፈግፍ ለነበረ ድሃ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም ድረስ በቀበሌ ቤት ተጠልሎ ልጆቹን ያስተማረ ሰው ስለዚያ አዋጅ ክፉ አይናገርም። ግን ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ቆመ። ቀበሌው ከሚሰበስበው ሳንቲም ቆርቆሮ መለወጥ አቃተው፤ ግድግዳው ዘመመ፣ ማገሩ ተበላ። ለኪራይ ብሎ ቤት መሥራት ስለተከለከለ ደግሞ አዲስ የሚከራይ ቤት ሳይሠራ አንድ ትውልድ አለፈ። ዛሬ በአማራ ክልል ከተሞች ሁሉ የምናየው የኪራይ ቤት እጥረት አንዱ ሥሩ እዚያ ነው።

ቀጥሎ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም መጣ፤ ኮንዶሚኒየም የምንለው። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሺሕ ቤቶች ተሠሩ። በ2005 ዓ.ም. አዲስ ምዝገባ ሲከፈት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ፤ ከእነዚያ ውስጥ እስካሁን ዕጣ የሚጠብቁ አሉ። በክልል ከተሞችም ግንባታው ተጀምሮ ነበር፤ የቤቱ ዋጋ ከነዋሪው አቅም ጋር አልገጥም ስላለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ። አዲስ አበባም ውስጥ ዕጣ የደረሰው ድሃ ወርሃዊውን የባንክ ዕዳ መክፈል አቅቶት ቤቱን አከራይቶ እሱ ወደ ሌላ ደባልነት የተመለሰበት ብዙ ነው። ፎቅ መሥራት ለትልልቅ ከተሞች ይጠቅም ይሆናል። በጭቃና በእንጨት ጥሩ ቤት ለሚሠራበት ለዓለም ከተማ ግን መልሱ ከዚያ አይመጣም።

ያም ሆኖ ቤት ማግኘት ምን እንደሚለውጥ ከዚሁ ፕሮግራም ተምረናል። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል አግነስና ጥጋቡ ጌታሁን ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን የአዲስ አበባ ቤተሰቦች አነጻጽረው፣ ዕጣ የደረሳቸው ቤተሰቦች ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስና ከዚያ በላይ የመማር ዕድላቸው ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ቤቱ በዕጣ የተሰጠ ስለሆነ ልዩነቱ ከቤቱ የመጣ ነው ለማለት ያስችላል።

ይህ የቤትና የትምህርት ግንኙነት በቀጥታ ወደ እኛ ደጅ ይመጣል። በየመስከረሙ ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለሦስትና ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዕድሜያቸው አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ነው። ቅዳሜ በእግራቸው ወደ ወላጆቻቸው ወርደው ሽሮውን፣ በሶውን፣ ቆሎውን ተሸክመው እሑድ ይመለሳሉ። ወላጆቻቸው ኪራዩን የሚከፍሉት እህል ሲሸጥ ነው፤ እህል የሚሸጠው ደግሞ አዝመራ ከገባ በኋላ ነው። ኪራዩ በየወሩ ይጠየቃል፣ ገንዘቡ በዓመት አንዴ ይመጣል። በዚህ መካከል ክፍሉን የተነጠቀች ልጅ ምርጫዋ ሦስት ነው፦ ትምህርት ትታ መመለስ፣ ሰው ቤት ተጠግታ ማገልገል፣ አለዚያም «እኔ እከፍልልሻለሁ» የሚላትን ወንድ መከተል። ሦስቱንም በዓይናችን አይተናል። ጎዳና ላይ ስላልተኛች ቤት አላት ማለት አይቻልም።

አከራዮች ሆይ፣ ለናንተ የማቀርበው ልመና ይህ ነው። የተማሪ ኪራይ ከአዝመራው ጋር ይሂድ። ተማሪዎቹ ከመስከረም እስከ ኅዳር ላለው ጥቂት አስይዘው፣ የቀረውን በታኅሣሥና በጥር ይክፈሉ፤ እድሩ ወይም በአገር ቤት ያለው የተማሪው ቤተሰብ ዋስ ይሁን። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ገንዘባችሁ አይቀርባችሁም፣ ጊዜው ነው የሚስተካከለው። አባቶቻችን መንገደኛ ሲመሽበትና «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ ሲቆም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው ያስገቡ ነበር፤ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ እግሩን ያጥቡ ነበር። እኛ የምንጠየቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ውል ይጻፍ። ይህን ስል አንዳንዱ አከራይ ቅር ይለዋል፤ የቃል ስምምነት በመተማመን የተሠራ ነው ይላል። ግን በቃል የተከራየ ሰው በአንድ ሳምንት ልቀቅ ሲባል የሚያሳየው ነገር የለውም፤ በቃል ያከራየ ሰውም ተከራዩ ሳይከፍል ዕቃውን ጭኖ ሲጠፋ እንዲሁ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጪ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው የሚሠራው። አዋጁን በሥራ ላይ ማዋል የአስተዳደሩ ድርሻ ነው። እኛ ግን ለመስማማት አዋጅ መጠበቅ የለብንም፤ በሁለት ምስክር ፊት፣ በአንድ ገጽ ወረቀት፣ የኪራዩን ልክ፣ የሚጨመርበትን ጊዜና «ልቀቅ» ለማለት የሚሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ጽፎ መፈራረም ይቻላል። የእድሩ ጸሐፊ አንዱን ቅጂ ይያዝ። የኪራይ ቁጥጥር ብቻውን ቤት እንደማያበዛ ከ1967ቱ ታሪክ አይተናል፤ ስለዚህ ኪራይ ይውረድ ብዬ አልጮኽም። ኪራዩ በድንገት አይናር፣ ተከራዩም በድንገት አይባረር ነው የምለው።

ለማዘጋጃ ቤቱም ቃል አለኝ። በሊዝ ጨረታ የሚወጣ ቦታ ገንዘብ ላለው ነው፤ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሰጠውም ከግንባታው ወጪ ከፊሉን በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ለሚችል ደመወዝተኛ ነው። ቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ሻጯ፣ ሸማኔው በሁለቱም በር አይገቡም። በታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የ«ባን ማንኮንግ» ፕሮግራም ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ሌላ በር ከፍቷል፦ ድሆች በሠፈር ተሰባስበው በትንሽ በትንሹ ይቆጥባሉ፣ ቦታውን በጋራ ይደራደራሉ፣ ብድሩም ለግለሰብ ሳይሆን ለማኅበሩ ይሰጣል። እቁብ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይደለም። ከየዓመቱ የቦታ ዝግጅት ውስጥ ጥቂት አነስተኛ ቦታዎች በሳምንት ለሚቆጥቡ፣ በዝቅተኛ ዋጋ በጭቃ ለሚሠሩ ማኅበራት ይለዩ። ባህር ዛፉ አለ፣ ጭዱ አለ፣ ጭቃ አቡኪውም አለ፤ ቆርቆሮና ምስማሩ ነው የሚከብደው። ለጎረቤቱ ደቦ ወጥቶ የሚያጭድ ሰው ግድግዳ ለመምረግ አይታክተውም። ለመንገድም ሆነ ለሌላ ልማት ቤት ሲፈርስ ደግሞ ባለይዞታው ካሳ ያገኛል፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪውም ምትክ ይፈለግለታል። የጓሮው ተከራይ ግን በማንም መዝገብ የለም። ከማፍረሱ በፊት እሱም ይቆጠር።

መቆጠር ካልኩ አይቀር፣ ከተማችን ስለ ራሷ የምታውቀው በጣም ትንሽ ነው። ስንት ሰው ተከራይቶ ይኖራል? በአንዲት ክፍል ስንት ሰው ያድራል? ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ቤት ልቀቅ ተባለ፣ ለምን? ይህን ለማወቅ ከአዲስ አበባ አጥኚ መጠበቅ አያስፈልግም። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር፣ እድሮቹ በየሠፈራቸው፣ በአንድ ወር ሊጨርሱት የሚችሉት ሥራ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደዚህ ቢልክ ለእሱም ለእኛም ይጠቅማል። የሚሰበሰበው መረጃ የሰው ስም የሌለበት ይሁን፤ ለእድሮቹ፣ ለማዘጋጃ ቤቱና ለምክር ቤቱ ይሰጥ።

ጎዳና ላይ ቀድመው የወጡትን ረስቼ አይደለም። ከእነሱ ውስጥ በአእምሮ ሕመም የሚሠቃዩት ብዙ ናቸው። ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ጎዳና ከሚያድሩ ሰዎች መካከል ከ200 በላይ የሚሆኑትን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 41 በመቶው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንደነበረባቸው አሳይተዋል። በየከተማችን ገበያ ዳር የምናያቸውን፣ ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩባቸውን አስቡ። «መጀመሪያ ይዳን፣ ከዚያ ቤት ይፈለግለታል» ማለት የተለመደ ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጣዋለች፤ ሰውየው አስቀድሞ የራሱን ክፍል ያገኛል፣ ሕክምናው እዚያው ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከ17,000 በላይ የነበሩት ቤት አልባዎቿ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ4,000 በታች ወርደው ነበር። ፊንላንድ ሀብታም ናት፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሀብት አይጠይቅም። መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ የሌለው ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ሊወስድ አይችልም። ከሆስፒታል የወጣን ሕመምተኛ የሚቀበል አንድ ክፍል በየሠፈሩ ማዘጋጀት፣ ተራ ገብቶ መጠየቅ ከአቅማችን በላይ አይደለም። አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመሩት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ከጎዳና አንሥቷል፤ ክብር ይገባዋል። ግን መቄዶንያ የሚያነሣው ከየከተማችን ገፍተን የሰደድነውን ጭምር ነው።

በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ የመርሐቤቴ ልጆች፣ ለበዓል ስትመጡ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ፣ ለትምህርት ቤት ወንበር ስታመጡ አይተናል። ካርልሃይንዝ በም የመሠረቱት «ሰዎች ለሰዎች» የእርዳታ ድርጅት በመርሐቤቴ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል፤ የጀርመኗ ፋተርስቴተንም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የዓለም ከተማ እህት ሆና ቆይታለች። ባዕድ ይህን ያህል አድርጓል። ከእናንተ የምንጠብቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ የማይቋረጥ ገንዘብ ነው። በየወሩ በመጠኑ፣ በእድሮቹ የጋራ ሒሳብ። ሌላም አለ፦ በአዲስ አበባ ጎዳና የአገራችሁን ልጅ ስታገኙ ሳንቲም ሰጥታችሁ አትለፉ። ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ጠይቃችሁ ለአንዱ እድር ደውሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት ብዙ ቤተሰብ በትኗል፤ ልጁን የሚፈልግ ወላጅ አለ።

የከተማችን ሰዎች፣ ብዙዎቻችሁ በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ለማደስ ወጥታችኋል። ዘንድሮም ስትወጡ ሥራውን ዝናቡ ሳይጀምር፣ በሚያዝያና በግንቦት አድርጉት፤ በሐምሌ የተመረገ ጭቃ አይደርቅም። የሚታደሰውን ቤት ስትመርጡም ለፎቶግራፍ የሚመቸውን መንገድ ዳር ያለውን ሳይሆን፣ ካልታደሰ በዚህ ክረምት የሚወድቀውን ምረጡ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ባለቤቱ ለሁለት ዓመት ኪራይ እንዳይጨምር አስፈርሙት፤ አለዚያ በሕዝብ ጉልበት ያደሳችሁት ቤት ተከራይዋን ያስወጣባታል።

የእድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባችሁ ሦስት ነገር ለአባላት አቅርቡ፦ ተከራይ የመግቢያውን ከፋፍሎ እየከፈለ እንዲመዘገብ፣ የቤት መጠባበቂያ 10 ብር ከመዋጮው ጋር እንዲሰበሰብ፣ ገንዘቡን የሚያዩ ሦስት ሰዎች እንዲመረጡ። «አይሆንም» የሚል አባል ቢኖር ምክንያቱ ይሰማ፤ ደንቡም በእሱ ሐሳብ ይስተካከል። ከስብሰባው በፊት ግን እያንዳንዱ አባል በሠፈሩ ሁለት ወር ኪራይ ያደረበት ሰው እንዳለ ጠይቆ ይምጣ፤ የመጀመሪያው ክፍያ በዚያው ሳምንት ይጀመር።